«የዘር ነው» የምንለው ቁመት

ከብሔራዊ ቴአትር ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አቅጣጫ ሲኬድ፣ በሁለት ሕንፃዎች መካከል በምትገኝ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ጀበና ቡና የምትሸጥ አንዲት ወጣት እናት አለች። ረከቦቷን ዘርግታ፣ ከሰሏን አያይዛና አምስት ስድስት በርጩማ ደርድራ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሥራዋ ላይ ትገኛለች። መሥሪያ ቤቴ እዚያው አቅራቢያ ስለሆነ የጠዋት ቡናዬን ለዓመታት የጠጣሁት እሷ ዘንድ ነው። እሷ «እትዬ» ትለኛለች፤ እኔም «የኔ እናት» እላታለሁ። ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ከሰል ዋጋ፣ ስለ ኑሮው ብዙ አውርተናል። ልጅ እንዳላት አውቅ ነበር፤ ልጅቷን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት አምና በጥቅምት ወር፣ የምትጠብቅላት የጎረቤት ልጅ ስለታመመች እናትየዋ ራሷ ይዛት በመጣች ዕለት ነው።

ጉንጮቿ ሞላ ያሉ፣ ዓይኖቿ ትላልቅ፣ ጸጥ ያለች ልጅ ነበረች። እናቷ አጠገብ ተቀምጣ ሰው ሲመጣና ሲሄድ ዝም ብላ ትመለከታለች። ሌላ ልጅ ቢሆን ፈንዲሻውን ይበትናል፣ ስኒ ያነሳል፣ ወደ ከሰሉ ተጠግቶ እናቱን ያስጮኻል። ይህችኛዋ ግን ካስቀመጧት ቦታ አልተነቃነቀችም። እኔም «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት» አልኩና፣ ዕድሜዋን ገምቼ «ዓመት ከመንፈቅ ሞላት?» ስል ጠየቅሁ።

«ኧረ እትዬ፣ በሚቀጥለው ወር ሁለት ዓመት ከመንፈቋ ነው» አለችኝ ስኒ እያለቀለቀች። «ቁመት የላትም እንጂ። አባቷም አጭር ነው፤ የዘር ነው።»

ይህን ቃል ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! እኔ ራሴ የተወለድኩት በ1976 ዓ.ም. ነው። አገሪቱ በድርቅ በተመታችበት፣ አዲስ አበባም ውስጥ ብዙው ቤተሰብ ለቀበሌ ሱቅ ወረፋ በሚሰለፍበት ዘመን መሆኑ ነው። ከቤታችን ልጆች መካከል አጭሯ እኔ ነኝ። ከእኔ ዘጠኝ ዓመት ዘግይቶ የተወለደው ወንድሜ ከሁላችንም ይረዝማል። እኔን «አያቷን መስላ ነው» ይሉኛል፤ እሱን ደግሞ «ወደ አጎቱ ሄዶ ነው» ይሉታል። ከአንድ አባትና ከአንድ እናት የተወለድን ልጆች በተለያየ ዘመን፣ በተለያየ ማዕድ ማደጋችንን ግን አንስቶ የሚናገር አልነበረም። ስለ ራሴ ቁመት እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልችልም፤ ስለ ብዙኃኑ ግን መናገር ይቻላል። የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ከሌሎች ተቋማት ጋር በመሆን ርሃብ አገርን ምን ያህል ያስከፍላል የሚለውን ባስጠናበት ጊዜ፣ በሥራ ዕድሜ ላይ ከሚገኙ 100 ኢትዮጵያውያን መካከል 67ቱ በልጅነታቸው የቀነጨሩ እንደነበሩ አስልቷል። እንግዲህ ከሦስት ሰው ሁለቱ በልጅነቱ ማግኘት የሚገባውን ቁመት ሳያገኝ ባደገበት አገር፣ ዓይናችን «ትክክለኛ ቁመት» ብሎ የለመደው ራሱ ርሃብ ያሳጠረውን ነው ማለት ነው። ልጅን ከጎረቤት ልጅ ጋር አስተያይተን «ደህና ነው» ስንል፣ ብዙ ጊዜ አንዱን የተጎዳ ልጅ ከሌላው የተጎዳ ልጅ ጋር ማስተያየታችን ነው።

መቀንጨር የሚለው ቃል ራሱ ብዙ የሚያስተምር ይመስለኛል። ማሽላ የሚዘራ ገበሬ አቀንጭራ የሚባለውን አረም ያውቀዋል። አቀንጭራ እንደ ሌላው አረም ከላይ ሆኖ ሰብሉን አይሻማም። ከመሬት በታች የማሽላውን ሥር ይይዝና ውኃውንና ምግቡን ይመጥጣል። ሐምራዊ አበባውን አውጥቶ ለዓይን በሚታይበት ጊዜ የጉዳቱ ትልቁ ክፍል አስቀድሞ ደርሷል፤ በዚያ ወቅት መንቀል ለሚቀጥለው ዓመት እንጂ ለቆመው ማሽላ ብዙም አይጠቅምም። በልጅ ላይ የሚሆነውም እንደዚሁ ነው። ጉዳቱ የሚጀምረው ከእርግዝና ነው፤ በተለይ ደግሞ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይበረታል። እኛ «ይህ ልጅ አጠረ» የምንለው ሦስትና አራት ዓመት ሲሞላው ነው።

ያን ዕለት ቢሮዬ ገብቼም ልጅቷ ከአእምሮዬ አልወጣችም። ነርስ ለሆነችው ለወንድሜ ሚስት ደውዬ ያየሁትን ነገርኳት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ጸጥ ያለች ናት ወይስ ተጫዋች?» ብላ ነበር። ጥያቄዋ አስደነገጠኝ፤ እኔ ጨዋነት ብዬ ያደነቅሁት ነገር ለእሷ ምልክት ነበርና።

እናትየዋን አግባብቼ በአቅራቢያው ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ ይዘናት ሄድን። ልጅቷን ሚዛን ላይ አስቀመጧት፤ 10 ኪሎ ከ200 ግራም ሆነች። ክንዷን በዚያች ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም ባላት ጥብጣብ ለኩ፤ አረንጓዴው ላይ አረፈ። ጥብጣቧ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላሉ ልጆች የምታገለግል ስትሆን፣ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ልጁ በከፍተኛ የምግብ እጥረት ውስጥ ነው፤ ከ12.5 በታች ከሆነ ደግሞ መካከለኛ ነው ትላለች። የልጅቷ ክንድ ከዚያ በላይ ነበር። የእግሯን ጀርባ በአውራ ጣት ተጭነው እብጠት እንደሌለባትም አረጋገጡ። ክብደቷ በካርዱ ላይ ከታችኛው መስመር ለጥቂት ከፍ ብሎ ተቀመጠ። «ደህና ናት» ተባልን። ቁመቷን የለካ አልነበረም።

ይህን የምጽፈው ባለሙያዎቹን ለመውቀስ አይደለም። በዚያች ጠባብ ክፍል በር ላይ የነበረውን ሰልፍ ያየ ሰው ሊወቅሳቸው አይችልም። ቁመት መለካት ክብደት እንደመመዘን ቀላል አይደለም። ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ልጁ ያለቅሳል፣ ይንፈራገጣል፤ የግማሽ ሴንቲ ሜትር ስህተት ውጤቱን ይለውጣል። ቢሆንም የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ጥብጣቧ የተሠራችው የቀጨጨን ልጅ፣ ማለትም በአጭር ጊዜ ሥጋው ያለቀን፣ ለሕይወቱ የሚያሰጋውን ልጅ ለይታ እንድታወጣ ነው፤ ያንን ሥራዋንም በሚገባ ትሠራለች። የቀነጨረ ልጅ ግን ቁመቱም ክብደቱም አብሮ ስለሚያንስ ሲያዩት የተመጣጠነ ነው። ጉንጩ ሊሞላ ይችላል፤ ክንዱ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። አካሉ ባገኘው ልክ ራሱን አሳንሶ ሠርቷልና።

በሳምንቱ የወንድሜ ሚስት ወደምትሠራበት ቦታ ወሰድናት። የእንጨት መለኪያው ከመደርደሪያ ጀርባ፣ የክትባት ካርቶኖች ተደርበውበት ተገኘ፤ አቧራው ተጠረገ። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ተጋድሞ፣ ያለፈው ደግሞ ቆሞ ነው የሚለካው። የልጅቷን ጫማ አወለቅን፤ ጸጉሯ ላይ የነበረውን ማስያዣ ፈታን፤ ተረከዟ፣ ዳሌዋ፣ ትከሻዋና የጭንቅላቷ ጀርባ እንጨቱን እንዲነካ አደረግን። እናቷ ጉልበቷንና ቁርጭምጭሚቷን ያዘች፤ የወንድሜ ሚስት ተንሸራታቹን እንጨት እስከ አናቷ ድረስ ዝቅ አደረገችና 81 ሴንቲ ሜትር አለች።

ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የሞላት ልጅ መካከለኛ ቁመቷ 90.7 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የመቀንጨር መስመሩ የሚጀምረው ከ83.6 በታች ነው። 81 ሴንቲ ሜትር የዓመት ከመንፈቅ ልጅ መካከለኛ ቁመት ነው። የእኔ የመጀመሪያ ግምት ስለ ዕድሜዋ ስህተት ነበረ፤ ስለ ቁመቷ ግን ልክ ነበረ። አንድ ሙሉ ዓመት ከእድገቷ ላይ ጎድሏል። እናትየዋ ቁጥሩን ሰምታ ጥቂት ዝም አለችና «የኛ ሰው እኮ እንደ ፈረንጅ አይረዝምም» አለች።

ይህ ጥያቄ ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ ሳይንቲስቶችም በቁም ነገር ጠይቀውታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ ያደረገው የእድገት መለኪያ የተሠራው በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ በሚገኙ ልጆች ላይ በተደረገ ጥናት ነው። የተመረጡት ጡት የጠቡ፣ እናቶቻቸው ሲጋራ የማያጨሱ፣ እንደሚገባው የተመገቡና የታከሙ ልጆች ነበሩ። ውጤቱ ሲታይ፣ በአምስቱ የልጅነት ዓመታት ውስጥ የጋናው ልጅ፣ የሕንዱ ልጅና የኖርዌዩ ልጅ እድገታቸው እጅግ የተቀራረበ ሆኖ ተገኘ። አንዱን ልጅ ከአንዱ ሲያስተያዩት ዘር ልዩነት ያመጣል፤ ከአጭር አባት አጭር ልጅ ሊወለድ ይችላል። ሕዝብን በጅምላ ሲያዩት ግን በዚያ ዕድሜ ልዩነቱን በዋናነት የሚያመጣው ዘር ሳይሆን አስተዳደግ ነው። የእኛው አገር ቁጥርም ይህንኑ ይመሰክራል። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ልጆች 58ቱ የቀነጨሩ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 38 ወረደ፤ በ2011 ዓ.ም. 37 ሆነ። በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ የአንድ ሕዝብ ዘር አይለወጥም። የተለወጠው ኑሮው ነው።

በ2008ቱ ጥናት የአዲስ አበባ ድርሻ ከ100 ልጆች 15 ነበረ፤ በአማራ ክልል ደግሞ 46። ከተማችን ከአገሪቱ ሁሉ የተሻለች መሆኗ እውነት ነው፤ ሆኖም እንዲህ ያለው ቁጥር ለእኛ ለከተሜዎቹ መዘናጊያ የሆነብን ይመስለኛል። ርሃብን የተማርነው ከ66ቱና ከ77ቱ ነው። በአእምሯችን የተቀረጸው አጥንቱ የተቆጠረ፣ ዝንብ የወረረው ልጅ ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ በቴሌቪዥን ስናይ እናለቅሳለን፣ ገንዘብ እናዋጣለን። ከጎናችን በርጩማ ላይ ተቀምጣ ፈንዲሻ የምትበላዋን ልጅ ግን ከርሃብ ጋር አናያይዛትም። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ 45 ሚሊዮን ያህል ልጆች የቀጨጩ ነበሩ፤ የቀነጨሩት ግን 148 ሚሊዮን ነበሩ። የማናየው ከምናየው ሦስት እጥፍ ይበልጣል።

ለሚታየው ርሃብ መድኃኒት ተገኝቶለታል ማለት ይቻላል። ቀድሞ በጽኑ የተጎዳ ልጅ ሆስፒታል ተኝቶ፣ ልዩ ወተት በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ በልክ እየተሰጠው ለሳምንታት መቆየት ነበረበት። እናትም ሌሎች ልጆቿን ቤት ጥላ አብራው ትከርማለች። እ.ኤ.አ. በ1996 ፈረንሳውያን ከለውዝ፣ ከወተት ዱቄት፣ ከስኳርና ከዘይት ያዘጋጁት ፕላምፒ ነት የተባለ ምግብ ይህን ሁሉ ለወጠ። 92 ግራም የምትመዝነው አንዷ ከረጢት 500 ካሎሪ ትይዛለች፤ ውኃም እሳትም አትፈልግም፤ እናት ቤቷ ወስዳ ታበላዋለች። ዛሬ አገራችን ውስጥም ይመረታል። ለመቀንጨር ግን እንዲህ ያለ ከረጢት የለም። የሚቀነጭር ልጅ በአንድ ቀን አይቀነጭርም፤ ስለዚህም በአንድ ነገር አይድንም።

ታዲያ ይህች ልጅ በምን ተጎዳች? ከእናቷ ጋር ቁጭ ብለን ወደ ኋላ ስንቆጥር ያገኘነው አንድ ትልቅ ችግር ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ትንሽ የሚመስል ተራ ነገር ነበር። አራስነቷ እንዳለቀ ወደ ቡናው ተመለሰች፤ አለዚያ የቤት ኪራይ አይከፈልም። ልጅቷን የምትጠብቀው የአሥራ አንድ ዓመት የጎረቤት ልጅ ነበረች። ምግቧ አጥሚት ነበር፣ በጡጦ። አጥሚቱ በጡጦ እንዲያልፍ መቅጠን ነበረበት፤ ያም ሆኖ ስለማያልፍ እናትየዋ የጡጦውን ጫፍ በመቀስ ቆረጥ አድርጋ አስፍታዋለች። ጡጦውን ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየችኝ። አንገቱ ውስጥ፣ ብሩሽ በማይደርስበት ጥግ፣ የደረቀ አጥሚት ነጭ ቀለበት ሠርቶ ነበር። ልጅቷ በየወሩ ተቅማጥ ይይዛት እንደነበረ የነገረችኝም ያን ጊዜ ነው። ተቅማጥ በያዛት ቁጥር ደግሞ «ሆዷ እንዲያርፍ» ምግቡ ይቀነሳል።

የሕፃን ሆድ ትንሽ ነው። 8 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ የሚይዘው 240 ሚሊ ሊትር ያህል፣ በእሷው የቡና ስኒ ብንሰፍረው ሦስት ስኒ ያህል ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ ልጅ ከጡት ወተት ሌላ በቀን 550 ካሎሪ ያህል ከምግብ ማግኘት አለበት። በሦስት ስኒ ቀጭን አጥሚት ሆዷ ሲሞላ ልጅቷ ማልቀሷን ታቆማለች፤ ጠባቂዋም «ጠግባለች» ትላለች። በእርግጥም ሆዷ ሞልቷል፤ የሞላው ግን በውኃ ነው።

አጥሚቱ የተሠራው ከምን ነው ብዬ ስጠይቃት ኮራ ብላ የእህሉን ዓይነት በጣቷ ቆጠረችልኝ፤ ገብስ፣ አጃ፣ ስንዴ፣ ሽምብራ፣ በቆሎ፣ ማሽላ። ይህ በከተማችን የተስፋፋ እምነት ነው። የእህሉ ዓይነት በበዛ ቁጥር ምግቡ የሚሻል ይመስለናል። ሽምብራው ይጠቅማል፤ የቀሩት ግን የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አያሟላም። ከዚህ ሁሉ የጎደለው እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ፣ አትክልትና ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ነው። እንቁላል ለምን አትሰጪያትም አልኳት። በዚያን ጊዜ እሷ ዘንድ አንድ ስኒ ቡና የሚሸጥበትና ሱቅ አንድ እንቁላል የሚገዛበት ዋጋ ብዙም የማይራራቅ ስለነበር ዋጋው ብቻ ነው ብዬ አላመንኩም። የሰጠችኝ መልስ ያልጠበቅሁት ነበር። «በጾም ጊዜ ዕቃው ይነካካብኛል» አለችኝ። ያላት አንድ ድስትና አንድ መጥበሻ ነው። ልጅቷ እንድትጾም አስባ አይደለም፤ ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ እንደማይጾም ታውቃለች። ነገር ግን ለልጅ እንቁላል የተሠራበት መጥበሻ ለእሷ የጾም ወጥ አይሆንም። ጾሙ ደግሞ ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምን፣ ነነዌን፣ ሰኔን፣ ፍልሰታንና ነቢያትን ጨምሮ ከዓመቱ ግማሽ ገደማ ይሆናል። በጾሙ አልቀለድኩም፣ ልትተወውም አልመከርኳትም፤ እኔም እጾማለሁ። አንዲት ትንሽ ድስት ገዝቼ «ይህቺ የልጅቷ ናት፤ እንቁላል ቀቅይባት» አልኳት። የንስሐ አባቷም ሲጠየቁ «ይህን ቀድሞ ማን ከለከለሽ?» ብለዋታል። በጥናትና በዘመቻ ብዙ ከሚባልለት ችግር አንዱ ቅንጣት በአንዲት ድስት ሲፈታ ማየት ልቤን ነክቶታል።

እንቁላል ግን ተአምር አይደለም። በኢኳዶር ለስድስት ወር በየቀኑ አንድ እንቁላል የተሰጣቸው ሕፃናት መቀንጨራቸው በግማሽ ገደማ ሲቀንስ፣ ተመሳሳይ ጥናት በማላዊ ሲደገም ቁመት ላይ ለውጥ አላመጣም። በባንግላዴሽ፣ በኬንያና በዚምባብዌ ንጹሕ ውኃ፣ መጸዳጃ ቤትና የእጅ መታጠቢያ ለቤተሰቦች ቀርቦ ሲታይም በዚያ ብቻ ቁመት አልተነቃነቀም። አንዱን ብቻ ጎትቶ ሌላውን መተው አይበቃም። በ2007 ዓ.ም. ሐምሌ ወር መንግሥት ይፋ ያደረገው የሰቆጣ ቃል ኪዳን፣ ሁለት ዓመት ባልሞላቸው ልጆች ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ለማጥፋት ሲያቅድ፣ ጤናን፣ ግብርናን፣ ውኃንና ትምህርትን በአንድነት ያሰለፈው በዚህ ምክንያት ነው። የቀረው ጊዜ አጭር ነው።

እኛ አገር ለልጅ ምግብ ማሰብ ትናንት የተጀመረ አይደለም። በ1950ዎቹ በስዊድን ድጋፍ የተጀመረው የሕፃናት ሥነ ምግብ ሥራ በኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የሆነ ሲሆን፣ ፋፋ የተባለው የሕፃናት ዱቄት የተወለደው ከዚያ ነው። ስሙን ያወጣው ማን እንደሆነ ባላውቅም ቋንቋ አዋቂ መሆን አለበት። ልጅ ሲፈካና ሲያብብ «ፋፋ» የምንለው ነውና።

ከተማችን በቅርብ ዓመታት ከሠራችው ነገር ሁሉ የማደንቀው የተማሪዎች ምገባን ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ልጆች ቁርስና ምሳ ይበላሉ፤ የሚያበስሉላቸውም በአብዛኛው እናቶች ናቸው። ቁርስ ሳይበላ መጥቶ ክፍል ውስጥ ያዞረው የነበረ ልጅ ዛሬ ጠግቦ ይማራል። ነገር ግን ይህ ማዕድ ልጁን የሚያገኘው በአራት ዓመቱ ነው። በሌላ በኩል የክትባት ካርዱን ብናይ፣ ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በ2011 ዓ.ም. እስኪጀመር ድረስ የመጨረሻው ቀጠሮ ዘጠኝ ወር ላይ ነበር። ዛሬም ቢሆን ከዓመት ከሦስት ወር በኋላ እናትን ወደ ጤና ጣቢያ የሚጠራ ቀጠሮ እምብዛም ነው። ከክትባቱ መጨረሻ እስከ ትምህርት ቤቱ መጀመሪያ ባለው ጊዜ ልጁ የማንም አይደለም፤ የእናቱና የዚያች የአሥራ አንድ ዓመት ጠባቂው ብቻ ነው። አቀንጭራው የሚሠራው በዚያ ክፍተት ውስጥ ነው።

የጠፋው ነገር ቁመት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልጽፍም ነበር፤ አጭር ሰው ምንም አይጎድለውም። ቁመት ምልክት ነው፤ ከእሱ ጋር አብሮ የሚጎዳው አእምሮ ነው። በጓቲማላ ገጠር እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ በአራት መንደሮች ላሉ ልጆች መጠጥ ይሰጥ ነበር። በሁለቱ መንደሮች አቶሌ የሚባል፣ ከእኛው አጥሚት ጋር የሚመሳሰል ነገር ግን ወተትና ፕሮቲን የተጨመረበት፤ በሌሎቹ ሁለቱ ደግሞ ፕሮቲን የሌለው ጣፋጭ መጠጥ። ልጆቹ አድገው ሲታዩ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው አቶሌ ያገኙት ወንዶች የሰዓት ገቢያቸው ከሌሎቹ በ46 በመቶ በልጦ ተገኘ። ሁለቱም ወገን መጠጥ አግኝቷል፤ ልዩነቱ ያለው መጠጡ ውስጥ ባለው ነገር ነው።

«ታዲያ ለእሷ አለፈ ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ እናትየዋ፣ መለኪያው ክፍል ውስጥ። ከዚህ የከበደ ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም። መልሱን የሰጠቻት የወንድሜ ሚስት ናት። የጎደለው ቁመት ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል፤ ለልጅቷ ግን ጊዜው አላለፈም አለቻት። በጃማይካ የቀነጨሩ ሕፃናትን የጤና ሠራተኞች በየሳምንቱ ቤታቸው እየሄዱ እናቶችን ከልጆቻቸው ጋር እንዴት እንደሚጫወቱ፣ እንዴት እንደሚያወሩ ለሁለት ዓመት አሳዩአቸው። ከሃያ ዓመት በኋላ እነዚያ ልጆች እንዲህ ያለ ጉብኝት ካላገኙት በ25 በመቶ የበለጠ ገቢ አገኙ። ጨዋታም ምግብ ነው ማለት ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ልጅቷ እናቷ ዘንድ በምትመጣበት ጊዜ ሁሉ ደንበኞች ስኒ እየቆጠሩ፣ የፕላስቲክ ክዳን እያስደረደሩ ያጫውቷታል። መጀመሪያ ፊቷን ትሸሽግ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ከሰሉ አጠገብ እንዳትደርስ እናቷ ስትጮኽባት ሰማሁ፤ ደስ አለኝ።

በዚያው የመለኪያ ቀን እናትየዋ ሌላም ነገር ነግራን ነበር። ነፍሰ ጡር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሲሲሊ ዊሊያምስ የተባለች ሐኪም የዛሬዋ ጋና ውስጥ፣ የሰውነት ማበጥ የሚያመጣውን የምግብ እጥረት በሽታ ስትመዘግብ፣ ጋ የተባለው የአገሩ ሕዝብ ክዋሺዮርኮር ብሎ እንደሚጠራው ሰማች። ተከታይ ሲመጣ ከጡት የሚነሣው ልጅ የሚታመመው ሕመም ማለት ነው። እነዚያ እናቶች ያለ መጽሐፍ የደረሱበት እውነት ነው። ስለዚህ የወንድሜ ሚስት የዚያን ቀን ምክሯን ሁሉ ወደ ሁለቱም ልጆች አዞረች። ለእናቲቱ የደም ማነስ እንክብል ከመጀመሪያው ወር፤ ቡናውንና ሻዩን ከምግብ ሰዓት ማራቅ፤ ለትልቋ እንቁላሉና ወፍራም ገንፎው። ከሚቀነጭሩ ልጆች አምስተኛው ያህል ጉዳቱ የሚጀምራቸው ማህፀን ውስጥ ነውና።

ወንዱ ልጅ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ተወለደ፤ 3 ኪሎ ይመዝናል። ከአራስ ቤት ስትወጣ ሕፃኑን ይዛው መጣች፤ እኛ ደንበኞቿም ከሕንፃው ጥበቃ ጋር ተነጋግረን ከመተላለፊያው ኋላ፣ ጭሱ የማይደርስበት ጥግ አስለቀቅንላት። እስከ ስድስት ወሩ ከጡት በቀር ምንም አልቀመሰም። ይህ ሊሆን የቻለው እሷ ከሁላችን ስለበረታችና ጥጉ ስለተገኘ ነው፤ ጥጉ ባይገኝ ኖሮ ብርታቷ ብቻውን የሚበቃ አይመስለኝም። የጡት ማጥቢያ ምክር ለእናት ስንሰጥ የምታጠባበትን ቦታና ጊዜ አብረን ካልሰጠናት፣ የሰጠናት ምክር ሳይሆን ወቀሳ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሁለቱንም አስለካን። ትልቋ አሁን ሦስት ዓመት ከስምንት ወሯ ሲሆን 90 ሴንቲ ሜትር ሆናለች፤ አሁንም ከመስመሩ በታች ናት። ስሟን ስትጠየቅ ግን ከነአባቷ ስም ጮክ ብላ ተናገረች። በመስከረም አጸደ ሕፃናት ትገባለች። ሕፃኑን አጋድመው ሲለኩት 66 ሴንቲ ሜትር ሆነ፤ በዕድሜው ካለው መካከለኛ ቁመት በጥቂት የሚያንስ፣ ከመስመሩ በላይ በደህና የራቀ ነው። ሲያለቅስ ጉልበቱን የያዘችው እናቱ ራሷ ናት፤ አያያዙን ተምራዋለች።

በማግስቱ ጠዋት ቡና ልጠጣ ስሄድ የልጁን የመጀመሪያ ገንፎ ከቤት በሳሕን ይዛ መጥታ ነበር። ጡጦውን ጥላዋለች። ምስር ክክና ትንሽ ዘይት ጨምራበታለች፤ እንቁላሉን ከነገ ወዲያ እጀምርለታለሁ አለችኝ። ልጁን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ከገንፎው በትንሿ ማንኪያ ጨለፈችና፣ የወንድሜ ሚስት እንዳሳየቻት ማንኪያውን አዘንብላ ይዛ ይፈስ እንደሆነ ጠበቀች። አልፈሰሰም።